ልጃችን ላይ የተገኘው ሚውቴሽን ከየት መጣ?

ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። አልትራሳውንድ የሚያነሳት ሰው እስከዚያ ድረስ ሲያጫውተን ቆይቷል። «ልቧ ይኸውላችሁ፣ እግሯ ይኸውላችሁ» ይለናል። ከዚያ የጭኗን አጥንት ለካና ዝም አለ። እንደገና ለካ። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ባለቤቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

አጥንቱ ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው አጥሮ ነበር። ጭንቅላቷ ደግሞ ተለቅ ያለ ነው። ከእንሽርት ውሃው ናሙና ተወሰደ። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ውጤቱ «46 ክሮሞዞም፣ መደበኛ» ይላል። ተቃቅፈን አለቀስን። ለዘመድ ሁሉ እየደወልን «ልጃችን ደህና ናት» አልን።

ያ ውጤት ውሸት አልነበረም። ምርመራው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ግን አልጠየቅንም። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ስትወለድ ሐኪሞቹ ገና እንዳዩዋት ጠረጠሩ። የክንዷና የጭኗ አጥንት አጭር ነው። ግንባሯ ወጣ ብሏል። መዳፏን ስትከፍት የመሃል ጣቷና የቀለበት ጣቷ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ያን ጊዜ እጇን አይቼ የማስበው ውበቱን ብቻ ነበር። ለሐኪሞቹ ግን ምልክት ነበር። ደሟ ተወስዶ የጂን ምርመራ ተደረገ። አኮንድሮፕላዝያ ተባለ። ቁመት አጭር እንዲሆን ከሚያደርጉ የአጥንት ዕድገት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኼ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ አኮንድሮፕላዝያ ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ ቤት ለወራት ስለከረመ አንድ ጥያቄ ነው። ልጃቸው ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ የተፈጠረ ለውጥ፣ ተገኝቷል የተባሉ ወላጆች ሁሉ፣ የበሽታው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ጥያቄ ያውቁታል። «ምን አድርገን ነው?»

ባለቤቴ የእርግዝናዋን ቀናት አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። በሦስተኛው ወር ለራስ ምታት የዋጠችው ክኒን። ደረጃ ላይ አዳልጧት የወደቀችበት ቀን። ሥራ በዝቶባት ያልተኛችባቸው ሌሊቶች። ሌሊት ስልኳን ይዛ ስትፈልግ አገኛታለሁ። እኔም «ተይው፣ ተኚ» እላትና ፊቴን አዞራለሁ።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ልጃችንን ከማንም አስበልጣ ትወዳታለች። ግን አንድ ቀን ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጣ «ልጄ፣ ያኔ ዕረፊ ስልሽ ብትሰሚኝ ኖሮ እኮ...» አለቻት። ባለቤቴ መልስ አልሰጠችም። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ የዘረመል አማካሪ ዘንድ ተላክን። ወጣት ሴት ናት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መሃላችን ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የልጃችንን ውጤት ማንበብ አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

«ጥቁር ድመት ትኩስ ወተት ጠጣች።»

«ቁጠሩት» አለችን። እያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ነው። ዲኤንኤም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ ጽሑፍ፣ የሚነበበው እንደዚህ ነው አለች። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ሴሉ ፕሮቲን ሲሠራ ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባቸዋል። እያንዳንዱ ሦስት ፊደል ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች አንዱን፣ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ያዛል፤ ወይም «እዚህ ላይ አቁም» ይላል። በዲኤንኤ ላይ ግን በቃል መካከል ክፍት ቦታ የለም። አንባቢው ሦስት ብሎ መቁጠሩን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ እያንዳንዱን የሚውቴሽን ዓይነት በዚያችው ድመት አሳየችን። ዛሬ ለሰው ሳስረዳ የምጠቀመው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ «ጠጣች» የሚለው ውስጥ «ጣ»ን ሰርዛ «ላ» አደረገችው። ጥቁር ድመት ትኩስ ወተት ጠላች። አንዲት ፊደል ናት የተቀየረችው። ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። የማጭድ ሴል የደም ማነስ እንዲህ ያለ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን በሚሠራው ጂን፣ ማለትም የዚያ ፕሮቲን መመሪያ በሆነው የዲኤንኤ ክፍል ውስጥ፣ «ጂኤጂ» የነበረው «ጂቲጂ» ሲሆን ከአንድ አሚኖ አሲድ ቦታ ሌላ ይገባል። ከዚህ የተነሳ ክቡ ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይጎብጣል።

ቀጥላ «ትኩስ» የሚለውን «ትኩሥ» ብላ ጻፈችው። ፊደሉ ተለውጧል፣ ንባቡ ግን ያው ነው። በዲኤንኤም አንድ አሚኖ አሲድ ከአንድ በላይ አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ፊደል ተቀይሮ ፕሮቲኑ ምንም ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እያንዳንዳችን ይህን መሰል ለውጥ ተሸክመን እንኖራለን። ሚውቴሽን ማለት በሽታ ማለት እንዳልሆነ የገባኝ በዚች «ሥ» ነው።

ከ«ድመት» በኋላ አራት ነጥብ አስገባች። ጥቁር ድመት። አለቀ። «አቁም» የሚለው ትእዛዝ ያለቦታው ሲመጣ ፕሮቲኑ ተቆርጦ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ለምንም አይሆንም።

ቀጥሎ ያሳየችን ግን ከሁሉ በላይ አስገረመኝ። ከመጀመሪያው ቃል «ቁ»ን አወጣችና ሦስት ሦስቱን እያደረገች ደግማ ጻፈችው። «ጥርድ መትት ኩስወ ተትጠ ጣች።» ምንም ትርጉም የለውም። የጠፋችው አንዲት ፊደል ናት፤ ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ተበላሸ። የንባብ መስመሩ ተዛነፈ። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲጎድል ወይም ሲጨመር የሚሆነው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ «ትኩስ» የሚለውን ቃል እንዳለ አወጣችው። ጥቁር ድመት ወተት ጠጣች። ሦስት ፊደል ነው የጠፋው፤ ከቅድሙ ይበልጣል። ግን ይነበባል። ትንሽ ነገር ጎደለው እንጂ።

ይህ ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በኋላ፣ ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መድከም ነበረበት። ዲስትሮፊን የሚባለው ፕሮቲን ጂን በ79 ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚያ የተወሰኑት ጠፍተው የቀረው የንባብ መስመር ከተዛነፈ ዱሼን ይሆናል። መስመሩ ሳይዛነፍ ከጠፉ ግን ብዙውን ጊዜ ቤከር የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት ይሆናል። ብዙ ጠፍቶበት ቀለል የሚልለት ልጅ አለ። ትንሽ ጠፍቶበት የሚከብድበትም አለ። ቁም ነገሩ የጠፉት ፊደሎች ብዛት ለሦስት መካፈሉ ላይ ነው። ግን ይህንንም እንደ ሕግ አትያዙት። ሳንባንና የምግብ መፍጫ አካላትን የሚጎዳውን ሲስቲክ ፋይብሮሲስን በብዛት የሚያመጣው ለውጥ ልክ ሦስት ፊደል መጥፋቱ ነው። የንባብ መስመሩ አልተዛነፈም፤ በሽታው ግን ከባድ ነው። የወጣው ቃል ለዓረፍተ ነገሩ ወሳኝ ከሆነ መስመሩ መጠበቁ ብቻውን አያድንም።

አማካሪዋ በመጨረሻ «ትኩስ ትኩስ ትኩስ ትኩስ» እያለች መስመሩን ሞላችው። አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳው የሃንቲንግተን በሽታ እንዲህ ነው። «ሲኤጂ» የሚለው ቃል ይደጋገማል። መደጋገሙ 40 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው አይቀርለትም።

አሁን ወደዚያ «መደበኛ» ወደተባለው ውጤት ልመለስ። ክሮሞዞም ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱን እንደ አንድ መጽሐፍ አስቡት። የክሮሞዞም ምርመራ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ ላይ እንደመቁጠር ነው። 46 መጽሐፍ አለ ወይ? ከአንዱ ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ ወደ ሌላው ተለጥፏል ወይ? እነዚህን ያያል። 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ከሆነ፣ ማለትም ዳውን ሲንድሮም ከሆነ፣ ይታያል። ይህንን ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ያሳወቁት። ገጽ ገልጦ ፊደል ማንበብ ግን የዚህ ምርመራ ሥራ አይደለም። የልጃችን ለውጥ አንዲት ፊደል ናት። 46ቱም መጻሕፍት በቦታቸው ነበሩ።

ስለዚህ አደራ፣ «ምርመራው ደህና ነው» ስትባሉ «የቱ ምርመራ? ምን ያያል? ምን አያይም?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ የልጃችን ሁኔታ አይለወጥም። እኛ ግን ከዚያ ደስታ ላይ አንወድቅም ነበር።

ከዚያ አማካሪዋ የልጃችንን ወረቀት አወጣች። ጂኑ ኤፍጂኤፍአር3 ይባላል፤ አራተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ለውጡ «ሲ ነጥብ 1138 ጂ ወደ ኤ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ግላይሲን 380 አርጂኒን» ይላል። ባለቤቴ ይህን ለሳምንታት አይታው ምንም አልገባትም ነበር። አማካሪዋ በጣቷ እያሳየች አነበበችልን። በጂኑ የፕሮቲን ትእዛዝ ውስጥ 1138ኛዋ ፊደል ጂ መሆን ሲገባት ኤ ሆናለች። «ጂጂጂ» የነበረው ቃል «ኤጂጂ» ሆነ። ስለዚህ 380ኛው አሚኖ አሲድ ግላይሲን መሆኑ ቀርቶ አርጂኒን ሆነ። በቃ ይኼው ነው። አኮንድሮፕላዝያ ያለባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህችኑ ለውጥ ነው የያዙት። ከሦስት ቢሊዮን በላይ ፊደል ካለው ጽሑፍ ውስጥ፣ በየትኛውም ቤተሰብ ቢፈጠር፣ ያቺው አንዷ ፊደል።

የዚህ ጂን ፕሮቲን የአጥንት ዕድገትን የሚይዝ ፍሬን ነው። ጤናማው ፍሬን ሲረግጡት ይይዛል፣ ሲለቁት ይለቃል። የልጄ ፍሬን ግን ሳይረገጥም ይይዛል። ስለዚህ ረጃጅም አጥንቶች እንደሚገባቸው አያድጉም። የሚገርመኝ፣ ሚውቴሽን ሲባል ሁልጊዜ የተበላሸ፣ ሥራ ያቆመ ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ፕሮቲኑ ሥራ አላቆመም። ከመጠን በላይ ነው የሚሠራው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ጠየቀች። «ክኒኑ ነው? ወይስ የወደቅኩት?»

አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አይደለም» አለች። «ይህ ለውጥ የተፈጠረው ከመጸነሷ በፊት ነው። እርግዝናው ሲጀምር እዚያው ነበር። ደግሞም ከአንቺ በኩል አይደለም።»

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት፣ አኮንድሮፕላዝያ ያለባቸውን፣ ወላጆቻቸው ግን መደበኛ ቁመት ያላቸውን 40 ሰዎች መርምሮ ነበር። በአርባዎቹም ላይ አዲሱ ለውጥ የተገኘው ከአባት በመጣው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከዚያም በፊት ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች ከወንድም ከእህቶቻቸው መካከል የመጨረሻዎቹ ሆነው ይገኛሉ። ዲኤንኤ ምን እንደሚመስል ባልታወቀበት ዘመን! ዕድሜ ውስጡ እንዳለበት ገብቶታል።

ልጃችን ስትወለድ እኔ 43 ዓመቴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴት ልጅ እንቁላሎች ቁጥራቸውን የሚያበዙበት ክፍፍል ራሷ ከመወለዷ በፊት ያልቃል። የወንድ ዘር የሚያመርቱት ሴሎች ግን ከጉርምስና ጀምሮ ሳያቋርጡ ይከፈላሉ፤ በዓመት 23 ጊዜ ገደማ። እያንዳንዱ ክፍፍል ከእናትና ከአባት የመጡትን ሁለቱን ቅጂዎች፣ በድምሩ ስድስት ቢሊዮን ፊደል፣ እንደገና መገልበጥ ነው። ገልባጩ ኢንዛይም እጅግ ጠንቃቃ ነው። የተሳሳተውን ራሱ ተመልሶ ያርማል። እሱን ካመለጠው ከኋላ የሚከተሉ ሌሎች አራሚዎች አሉ። ይህ ሁሉ ታርሞ የሚያመልጠው ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ግን ስድስት ቢሊዮን ፊደልን በየዓመቱ 23 ጊዜ ገልብጡ። ለሠላሳ ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2012 በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት እያንዳንዱ ልጅ በአማካይ 60 ገደማ አዳዲስ የፊደል ለውጦች ይዞ እንደሚወለድ አሳይቷል። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ሁለት ያህል ይጨመራል። እናንተም፣ ጎረቤታችሁም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን። አብዛኞቹ ምንም የማያደርጉ ቦታ ላይ ያርፋሉ።

ከእናት ዕድሜ ጋር የሚጨምረው ሌላ ዓይነት ስህተት ነው። እንቁላሉ ለዓመታት ቆይቶ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ይቀራሉ። ዳውን ሲንድሮም በብዛት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ እሰማለሁ፤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ለምን ያቺው ፊደል? ይህን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛው የኬሚስትሪ ነው። ዲኤንኤ እንደ ዚፕ ሁለት ጥርስ የተገጣጠመ ነው። ጂ ባለችበት ማዶ ሁልጊዜ ሲ አለች። ሲ አንዳንድ ቦታ ላይ ሚቲል የሚባል ትንሽ ተቀጥላ ትይዛለች። እንዲህ ያለችው ሲ በራሷ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካት፣ ከውሃ ጋር ስትገናኝ ወደ ቲ ትለወጣለች። ሳትታረም ከተገለበጠች የቲ ጥንድ ኤ ስለሆነች፣ ጂ የነበረችው ኤ ሆና ትወጣለች። 1138ኛዋ ፊደል የምትገኘው ልክ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ይህን ለውጥ የያዘች የዘር አምራች ሴል ከጎረቤቶቿ ይልቅ የመብዛት ዕድል ታገኛለች። አጥንትን የሚይዘው ያው ለውጥ እዚያ ያበረታታል። ስለዚህ አባት ዕድሜው ሲገፋ የእነዚህ ሴሎች ብዛት ይጨምራል።

አማካሪዋ ይህን ስታስረዳ ባለቤቴን አየኋት። እያለቀሰች ነበር። እኔን ለመውቀስ አልነበረም። ለወራት የተሸከመችውን ክኒንና ደረጃ እያወረደች ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። «እማዬ፣ ከእኔ በኩል ነው የመጣው» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አለችኝ። ያው ጥያቄ! አሁን ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። «ምንም አላደረግኩም። ሲገለበጥ አንዲት ፊደል ተሳስታ ነው» አልኳት። ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። በማግሥቱ መጥታ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቀቻት። ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ፤ ጠይቄያታለሁም።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ «ሚውቴሽን የሚያመጡ ነገሮች አሉ ይባል የለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። አሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሴል ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ቲዎችን ያጣብቃቸዋል። የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ጂ ላይ ተለጥፎ ገልባጩን ያሳስተዋል። እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በጉበት ሴል ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። አሜሪካዊው ኸርማን መለር እ.ኤ.አ. በ1927 ኤክስሬይ በፍሬ ዝንብ ላይ ሚውቴሽን እንደሚያበዛ አሳይቶ በ1946 ኖቤል ተሸልሟል። ከእነዚህ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ሲጋራ አታጭሱ፤ የሻገተ እህል አትብሉ።

ግን ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛ፣ ቆዳ ወይም ሳንባ ላይ የደረሰ ለውጥ እዚያው ሴል ላይና ከእሱ በሚባዙት ላይ ይቀራል። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ለልጅ ግን አይተላለፍም። ለልጅ የሚተላለፈው በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ሴል ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን የሚጎዳ ሁሉ ሚውቴሽን አምጪ አይደለም። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ ሺህ ሕፃናት ላይ የእጅና የእግር ጉድለት አስከትሏል። ጉዳቱ በፅንሱ ዕድገት ላይ እንጂ በዲኤንኤ ፊደል ላይ አልነበረም። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ መድኃኒት ላይ መጠንቀቅ ትክክል ነው። አንዲትን እናት በሚውቴሽን መውቀስ ግን ትክክል አይደለም።

ከውጭ የሚመጣው ባይኖር እንኳ ሴላችን ውስጥ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ጉዳቶች ይደርሳሉ። በሰውነት ሙቀትና በውሃ ብቻ ፊደል ይረግፋል። የሚታረምበትን መንገድ ያጠኑት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት ለዚህ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። «ለምን ተሳሳተ?» ማለቴን ትቼ «እንዴት ይህን ያህል ሳይሳሳት ይኖራል?» ማለት ጀመርኩ።

የጂን ውጤት እጃችሁ ከገባ ቅጂውን ውሰዱ። «ለውጥ ተገኝቷል» ተብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ። የጂኑ ስም፣ የፊደሉ ለውጥና ለውጡ እንዴት እንደተመደበ ይጻፍላችሁ። «በሽታ አምጪ» ከተባለ ማስረጃው ጠንካራ ነው ማለት ነው። «ትርጉሙ ያልታወቀ» ከተባለ ግን ገና አልተወሰነም። በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቁ፤ ምደባው ሊለወጥ ይችላል።

ቀጥሎ ከየት እንደመጣ ይጣራ። እኛ ሁለታችንም ደም ሰጠን። የሁለታችንም ደም ውስጥ ለውጡ የለም። አኮንድሮፕላዝያ ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ እንዲህ መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው የሚወለዱት። የሚቀጥለው ልጃችን ተመሳሳይ የመሆን ዕድሉ ከመቶ አንድ እንደማይሞላ ተነገረን። ዜሮ ያልተባለው ለምንድን ነው? የደም ምርመራ የዘር አምራች ሴሎችን ስለማያይ ነው። ምናልባት እዚያ ተጨማሪ ሴሎች ይኖራሉ። በሌላ በሽታ ግን መልሱ ፈጽሞ ሊለይ ይችላል። ያቺ የዱሼን እናት ስትመረመር ለውጡን ራሷ ተሸካሚ ሆና ተገኘች። እህቷም መመርመር ነበረባት። ዳውን ሲንድሮም ላይም እንዲሁ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ክሮሞዞም ተጨምሮ ነው። ጥቂቶቹ ላይ ግን ተጨማሪው ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ ያኔ ከወላጅ አንዱ ሳያውቀው ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። የበሽታው ስም አንድ ነው። የሚውቴሽኑ ዓይነት ግን ለወንድምና ለእህት የሚሆነውን መልስ ይለውጠዋል።

እንደ እኛ አኮንድሮፕላዝያ ለተባላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃኑ ጀርባው ሳይጠነክር ደግፋችሁ ለማስቀመጥ አትቸኩሉ፤ የጀርባ አጥንቱ ይጎብጣል። የጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካ፤ ለእነዚህ ልጆች የተሠራ የራሱ የዕድገት ሰንጠረዥ አለ። ሌሊት ሲተኛ ትንፋሹ ቆም ካለ ወይም ካንኮራፋ ለሐኪም ንገሩ። የራስ ቅሉ ሥር ያለው ቀዳዳ ጠቦ የሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን ስለሚችል ቀላል ነገር አይደለም። የጆሮ ኢንፌክሽንም ይደጋገማል። ከልክ በላይ የሚይዘውን ፍሬን የሚያላላ ቮሶሪታይድ የሚባል መርፌ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቷል። ለልጃችሁ ይሆን እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ልጃችን አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። የሷን ወረቀቶች በአንድ ፋይል አስቀምጠናል። ስታድግ ለራሷ የምትፈልገው ነገር እዚያ አለ። ይህ ለውጥ ከእናትና ከአባት ከሚመጡት ሁለት የጂኑ ቅጂዎች በአንዱ ላይ መኖሩ ብቻውን አኮንድሮፕላዝያ ለማምጣት ይበቃል። ስለዚህ ልጅ ስትወልድ ለእያንዳንዱ የምታስተላልፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። የወደፊት ባሏም ተመሳሳይ ለውጥ ካለው ደግሞ ከሁለቱም በኩል የሚደርሰው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ይህን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከእኛ፣ በጊዜው፣ ወረቀቱን ይዘን እንድትሰማው እንፈልጋለን።

ማንበብ እየቻለች ነው። ባለፈው ሳምንት ፋይሉን ከፍታ የአማካሪዋን ወረቀት አገኘች። በእነዚያ በሚራራቁ ጣቶቿ እየተከተለች አነበበችው። «ጥቁር ድመት ትኩስ ወተት... ጠላች።» ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ድመት ወተት ትጠላለች እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና እስክሪብቶ አመጣሁ።